ያልተነገራት

ህዳር 18፣ ረቡዕ

ብርዱ ገባ። እዚህ ጂላል ይሉታል፤ ዝናብ የለ፣ ደመና የለ፣ ነፋስና አቧራ ብቻ። ሀርጌሳ ይበርዳል ብል አገር ቤት የሚያምነኝ የለም። እማዬ እንኳ "በረሃ ተቀምጠሽ ሹራብ ላኪልኝ ትያለሽ? ሙቀቱ ራስሽ ላይ ወጥቷል" ብላ ስቃብኛለች።

ዛሬ ሂቦ የምትባል ሴት ኦፊስ ድረስ ፈልጋኝ መጣች። የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ግን ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛዋ ከእኔ የጭሮ አማርኛ ይሻላል። ድምፄን የሰማችው አንድ ሾፌር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ሲያናግረኝ ነው። ሥራዬ እሱው ነው። በርበራ ወደብ ለሚጭኑት መኪናዎች ዲስፓች ነኝ፤ ተራው የደረሰውን "ግባ" እላለሁ፣ ያልደረሰውን "ጠብቅ" እላለሁ፣ ስድብ እቀበላለሁ። ሾፌሮቹ አብዛኞቹ ሀበሻ ስለሆኑ ነው እኔን የቀጠሩኝ። ከበርበራ እስከ ቶጎ ውጫሌ ድምፄን የማያውቅ ሾፌር የለም። ፊቴን ግን መንገድ ላይ ቢያዩት አልፈውት ይሄዳሉ።

ሂቦ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ በአንድ አሮጌ ቤት ለብርዱ ወራት ትርኢት ልታሳይ ነው። የሙት ታሪክ፣ በኳየር። ሰዉ ወንበር ላይ ተደርድሮ አያይም፤ ጨለማ ቤት ገብቶ ምንጣፍ ላይ ይቀመጥና ድምፁ ከግድግዳው ጀርባ፣ ከጓዳው፣ ከጣራው ይመጣበታል።

"ሟቿ አንቺ ነሽ" አለችኝ።

"ምን በደልኩሽ?" አልኳት።

ሳቀች። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። ስድስት ዓመት እዚህ ስኖር ለሥራ ካልሆነ በቀር ፈልጎኝ የመጣ ሰው የለም።

ህዳር 24፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ልምምድ። ቤቱ የኤዶ ዴቃ ነው። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። ከጦርነቱ ወዲህ ግማሹ ጣራ የለም፣ እሷ ከኋላ ባለችው ክፍል ትኖራለች። ባጃጅ ነጂዎች ከመሸ በበሩ ማለፍ አይወዱም፤ ጂን አለበት ይላሉ። ኤዶ ዴቃ ይህን ስትሰማ "ጂን ቢኖር ኖሮ ግቢውን ይጠርግልኝ ነበር" አለች። በስደት ዘመኗ ሐረር ስለኖረች አማርኛ ትሞክራለች፤ ሲያቅታት ወደ ሶማሊኛ ትገባለች፣ እኔም እከተላታለሁ።

ኳየሩ ግማሹ የእኛ ሰው ነው። አብራኝ የምትኖረው ኢፍቱ አለችበት። የሂርና ልጅ ናት፣ ሳሎን ውስጥ ፀጉር ትሠራለች፤ ድምጿ ቀጭን ሆኖ ከላይ ይሄዳል። ጋሽ ሙሉሰውም አለ። የጭሮ ሰው ነው፣ የእኔው አገር፤ በበርበራ መንገድ ላይ ከእሱ የሚበልጥ ሾፌር በዕድሜም በጢምም የለም። የእሱ ሥራ እኔ ከምዘፍንበት ክፍል ግድግዳ ጀርባ ቆሞ አንድ ወፍራም ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ መያዝ ነው። "መኪናዬን ገደል አፋፍ ላይ ኒውትራል አድርጌ የቆምኩ መሰለኝ" ይላል።

ታሪኩን ሂቦ ከአያቷ የሰማችው ነው። በአንድ የጂላል ሌሊት አንዲት ሴት ትሞታለች። ባሏና ልጆቿ ግመሎቹን ይዘው ወደ ሩቅ ጉድጓድ ሄደዋል። ጎረቤቶች ይቀብሯታል። በማግስቱ ማታ ግን ቤቷ ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ሴትየዋ ደጇን እየጠረገች ነው። መሞቷን አታውቅም፣ ማንም አልነገራትማ። ጎረቤቶቹም አንዱ በሌላው እያመካኘ "ነገ ይነገራት" ይላል። ሰላምታዋን ይመልሳሉ፣ ወተቷን ይቀበላሉ፣ ዞር ብለው ይደፉታል። ዓመታት ይሄዳሉ።

በመጨረሻ ሟቿ ታዳሚውን እየዞረች "ምን ሆኛለሁ?" ብላ ትጠይቃለች። ሂቦ ያወጣችው ሕግ አለ። ከታዳሚው መካከል አንድ ሰው አፍ አውጥቶ "ሞተሻል፣ ሂጂ" እስኪላት ድረስ ትርኢቱ አያልቅም። እኛ አንጨርሰውም፤ እነሱ ናቸው የሚጨርሱት።

"ይህ ሁሉ ጎረቤት! አንድ ደፋር ጠፋ?" አልኩ እኔ። "እኔ ብሆን በመጀመሪያው ማታ ፊት ለፊት ነበር የምነግራት።"

ጋሽ ሙሉሰው "ቀላል መሰለሽ?" አለኝ።

ህዳር 29፣ እሑድ

ሂቦ አዲስ ሐሳብ አመጣች። ሕያዋኑ በሶማሊኛ ይዘፍናሉ፣ ሟቿ በአማርኛ። ሰዉ ቃሏን አይሰማም፣ ምን እንደምትፈልግ ግን ይገባዋል። ግጥሙን ጻፊው አለችኝ። ጻፍኩ፦

እሳቱ ደብዝዟል፣ ወተቱ ረግቷል፣
ከሄዱት መካከል ማን ማን ተመልሷል?
ደጁን ዘግታችሁ የምትንሾካሾኩ፣
ምን ሆናችሁብኝ? እኔስ ምን ሆንኩ?

ለኢፍቱ አነበብኩላት። "ረዱ፣ አንቺ እኮ ሾፌር ስትገስጪ ነው የሚያምርብሽ" አለች። ቀንታ ነው።

ታህሳስ 3፣ ሐሙስ

ታናሼ ኪዳናዊት ደወለች። እማዬን ልቧ እንደገና አስቸግሯታል። ባለፈው ወር ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ወዲህ ደረጃ መውጣት ትታለች፣ አሁን ደግሞ ትራስ ደርድረው ነው የምትተኛው።

"ገና ሳይደርስ ብትመጪ ጥሩ ነበር" አለች።

"እማዬ ነች ያለችው?"

"እኔ ነኝ።"

ትርኢቱ ከታህሳስ 17 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት፣ ሐሙስ ሐሙስና ዓርብ ዓርብ ማታ ነው። የእኔን ቦታ የሚይዝ የለም። እንደጨረስኩ በማግስቱ እመጣለሁ አልኳት። "እሺ" አለች። የእሷን "እሺ" አውቀዋለሁ፣ እሺ ማለት አይደለም።

ብሄድ ሂቦ ታዝንብኛለች። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ ለሂቦ ብዬ አይደለም። ድምፄን ስለምወደው ነው። ያ ግማሽ ጣራ ላይ ሲደርስ ስሰማው ደስ ይለኛል። እናቴ ታማ እኔ በድምፄ ደስ ይለኛል። ጎበዝ ልጅ።

ታህሳስ 7፣ ሰኞ

መኪና ተጨናንቋል። በበርበራ መንገድ ዳርቡዱቅ ላይ አንዱ ተገልብጧል፣ ሰው ደህና። ስድብ በሽ በሽ። ምሳ አልበላሁም።

እማዬን ግን አናገርኳት! ራሷ አነሳች። ድምጿ ቀጥኗል፣ ነገረኝነቷ አልቀነሰም።

"ትርኢቱ ላይ ምን ሆነሽ ነው የምትወጪው?"

"የሞተች ሴት።"

"እግዚኦ! ሌላ ሥራ ጠፍቶ?" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ሞተሽም ቢሆን ሹራብሽን ልበሺ።"

ሌላ ስልክ ጮኸና ቶሎ ዘጋሁባት። ነገ እደውላለሁ።

ታህሳስ 11፣ ዓርብ

የእማዬ ስልክ አይሠራም። ትናንትም አልሠራም። ኪዳናዊት "ውሃ ገባበት" አለችኝ። በራስሽ ስልክ አገናኚኝ ስላት ተኝታለች አለች። ድምጿ ታፍኗል። ጉንፋን ነው አለች። ቆላም ደጋም ብርድ ነው እንግዲህ።

ታህሳስ 12፣ ቅዳሜ

ልምምድ። ስገባ ሁሉም ዝም አሉ። የሟቿን መግቢያ እየተለማመዱ መስሎኝ እኔም ቀስ ብዬ ገባሁ። ለካ አልጀመሩም።

ሂቦ ዛሬ አንድም ጊዜ አላረመችኝም። ሁለት ቦታ ላይ እንደተሳሳትኩ አውቃለሁ።

ኢፍቱ ቤት ስንገባ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ምነው ስላት ሽንኩርት ስከትፍ ነው አለች። ማታ የበላነው ግን ዳቦና ሻይ ነው።

ታህሳስ 14፣ ሰኞ

ዛሬ በኦፊሱ ታሪክ ያልታየ ነገር ታየ፤ ማንም አልሰደበኝም። ሠላሳ ሰዓት ሙሉ ወደብ ደጃፍ የቆመ ሾፌር "ጠብቅ" ስለው "እሺ እህቴ፣ አንቺ ብቻ አትቸኩዪ" አለኝ። ሌላው ከገቢሌ ደውሎ ምንም ሳይጠይቀኝ "አይዞሽ" ብሎ ዘጋው። ምኑን ነው የምበረታው? ማኔጀራችን ዱዓሌ እንኳ፣ ኮምፒውተሩን ትክ ብሎ እያየ፣ ፈቃድ ከፈለግሽ ውሰጂ አለኝ። ባለፈው ዓመት ወባ ይዞኝ እየተንቀጠቀጥኩ ሥራ ያስገባኝ ሰውዬ ነው።

ጾም ሲይዝ ሰው ልቡ ይራራል መሰለኝ። ዱዓሌ ግን አይጾምም፤ ጾሙም የእኛ ነው።

ታህሳስ 16፣ ረቡዕ

ጋሽ ሙሉሰው ቤታችን መጣ። እዚህ አገር ስኖር ደጄን ረግጦ አያውቅም። ኢፍቱ ወንበር አቀረበችለትና ጥጓ ላይ ቆመች፣ እንደምትጠራ ተማሪ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

"የአገር ቤት ወሬ ምን አለ ጋሼ?" አልኩት።

"ደህና ነው። ዝናቡ ጥሩ ጥሏል አሉ።"

"በታህሳስ?"

ወለሉን አየ። ለነገ ድምፄን እንዳልጎዳ፣ የሞቀ ውሃ እንድጠጣ መከረኝና ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። በር ላይ ሲደርስ ኢፍቱ "ጋሼ!" አለችው፣ እንደ መቆጣት። "ዝም አይነቅዝም፣ ተይኝ" አላት።

ስለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ስለ ልምምዱ ነው አለች። እኔም አልጨቀጨቅኳትም።

ታህሳስ 18፣ ዓርብ

ሁለት ማታ አለፈ! ትናንት ስጀምር ፈርቼ ነበር። ሰዉ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጫማውን እያወለቀ ገባ፤ ሂቦ ስልኮቹን በቅርጫት ሰበሰበች፣ ፋኖሱን አጠፋች። ከዚያ ጓዳው አንጎራጎረ፣ ጣራው መለሰለት። ጋሽ ሙሉሰው ከግድግዳዬ ጀርባ ያዘ። ግድግዳው ላይ መዳፌን ሳደርግ ድምፁ ክንዴ ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ለቀቀኝና ገባሁ።

መጨረሻ ላይ አንዷ ተማሪ እየሳቀች "ሞተሻል እኮ!" ብላ ገላገለችኝ። ዛሬ ደግሞ ሳማታር የሚባል መምህር፣ ትልቅ ሰው፣ ድምፁ እየተሰበረ ነው የነገረኝ። "እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልን፣ ሞተሻል" አለ። ለራሱ የሆነ ሰው እየነገረ ይመስለኛል። ሰዉ ሲወጣ የሚያወራ አልነበረም።

ለእማዬ ልነግራት ደወልኩ። ተኝታለች። እንቅልፍ ለልብ ጥሩ ነው ይባላል።

ታህሳስ 19፣ ቅዳሜ

ልብሴን ልወስድ ኤዶ ዴቃ ዘንድ ሄድኩ። ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ተነሳች፣ ሁለት እጄን ያዘችና በሶማሊኛ "አላህ ይዘንላቸው፣ ላንቺም ሰሚርና ኢማን ይስጥሽ" አለችኝ። ሰው ሲሞት ለቀረው የሚባል ነው። ትዕግሥትና እምነት ይስጥሽ ማለት ነው።

እጄ በእጇ ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። ከዚያ ሳቅሁ።

"ኤዶ፣ ለትርኢቷ ሴትዮ ነው አይደል? ገና ሁለት ሳምንት ትዞራለች እኮ።"

ፊቴን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። "እናንተ ሰዎች" አለች በአማርኛ፤ ጨርሳ አልተናገረችም። "እኛ ዘንድ ጠዋት የሞተ ከሰዓት ይቀበራል፣ ሁሉም ይሰማል፣ ያለቅሳል። እናንተ..." ልብሱን አጥፋ ሰጠችኝ።

የትርኢቷን ሴትዮ ነው። አሮጊት ናት፣ ታሪኩን እውነት አድርጋ ይዛዋለች። ቤቷ ውስጥ ሌት ተቀን ስለ ሙት ሲዘፈን ምን ታድርግ!

መንገድ ላይ ባጃጅ አልያዝኩም። እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ሲያስለቅሰኝ ነበር።

ታህሳስ 22፣ ማክሰኞ

ከመጋረጃው ወዲያ ኢፍቱ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። "ከዓርቡ በፊት አይሆንም... የመጨረሻው ዓርብ... ሁሉም ሰው ሥራ ነው፣ ሌላ ቀን አይሰበሰብም... አዎ፣ ብቻዋን አንተዋትም።"

ልደቴን ሊያከብሩልኝ ነው መሰለኝ። ልደቴ ግንቦት ላይ ነው።

ታህሳስ 25፣ ዓርብ

አራተኛው ማታ። ትናንት የነገረኝ አንድ ሾፌር ነው፣ ድምፄን በስልክ የሚያውቅ። ፊቴን እያየ "ሞተሻል" ለማለት ሲታገል አፉ ደርቆ ነበር። ዛሬ ባልና ሚስት አብረው ነገሩኝ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይገኛል። ሂቦ ስትፈራ የነበረው ማንም ባይናገርስ ብላ ነበር፤ ሶማሌ ግን አፉ ፍርድ ያውቃል።

ኢፍቱ ሥራ ስወጣ ትሸኘኛለች፣ ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሻወር ስገባ እንኳ "ረዱ?" ትላለች። ጠላኋት። ደግሞ እንዳትተወኝ እፈራለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፌ አላውቅም። በሰው ተከብቤ እንደዚህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ስገባ የሚያቆሙት ወሬ፣ ስወጣ ይቀጥላል። እኔ ስለሌለሁበት ነገር ሁሉም አንድ ላይ ናቸው።

መጠየቅ እችላለሁ። ኢፍቱን "ምንድን ነው?" ብላት አንድ ደቂቃ አትችልም፣ ትዘረግፈዋለች። ትናንት ማታ "ኢፍቱ" ብዬ ጠራኋት። ከመኝታዋ ቀና አለች። እየጠበቀች ነበር፣ አየሁት።

"መብራቱን አጥፊው" አልኳት።

ታህሳስ 29፣ ማክሰኞ። ገና

በዓል እዚህ ድምፅ የለውም። በር ዘግተን እኔና ጋሽ ሙሉሰው፣ ሁለት ሦስት ሰዎችም፣ ተሰብስበን ጾም ገደፍን። ኢፍቱ የእስላም ዶሮ ሠራችልን፣ እኛ ደግሞ "አሜን" ብለን በላን። ማንም አልቀለደም። ዶሮ እየበላ የማይቀልድ ሀበሻ አይቼ አላውቅም።

ኪዳናዊት ዘንድ ደወልኩ። ከኋላዋ ብዙ ሰው አለ፤ የወንበር ድምፅ፣ የሴቶች ድምፅ።

"የገና እንግዶች ናቸው" አለች።

"እማዬስ?"

"አለች።"

"በይ ስጪኝ።"

ጆሮዬ ላይ ትንፋሿ ብቻ።

መቼም እሷ ትናገር ነበር። አንድ ቃል ከፍ ብዬ ብጨምር ትናገር ነበር። እኔ ነኝ ቶሎ ብዬ "ተዪ፣ አታስነሻት፣ እንኳን አደረሳችሁ በያት" ያልኩት። "እላታለሁ" አለች። "ረድዬ፣ ሹራብ ለብሰሻል?" አለችኝ። ረድዬ የምትለኝ እማዬ ብቻ ነበረች። ነች።

ጥር 1፣ ሐሙስ

ሂቦ ተቆጣች። አንዲት ሴት ዛሬ በመጀመሪያው ዙር ላይ "ሞተሻል" ብላኝ ነበር፣ በግልጽ፣ ሁሉም ሰምቷል። እኔ እንዳልሰማ አልፌያት ሄድኩ። ሁለተኛ ዞርኩ። ሌላ ሰው ነገረኝ። ሦስተኛ ዞርኩ። ኳየሩ ግራ ገብቶት ይከተለኛል፤ ጋሽ ሙሉሰው ትንፋሹ እያለቀ ይይዝልኛል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ ሂቦ፣ ሰው ሲወጣ።

"አልሰማኋትም።"

"ረድኢት..."

"አልሰማኋትም አልኩሽ!"

ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሂቦ ጠንካራ ሴት ናት፣ የእኔ ዙር መጨመር የሚለቀስበት ነገር አይደለም። እጄን አስለቀቅኩና ወጣሁ።

ነገ መጨረሻው ነው። ከነገ በኋላ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ነገ ባያልቅ። እንደ ሴትየዋ ዓመት ዓመት ደጄን ስጠርግ ብኖር።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። ኢፍቱ ተኝታለች፣ ወለሉ ላይ ሌሎች ሴቶችም ተኝተዋል።

ትናንት ስገባ የምንጣፉ ግማሽ የእኛ ሰው ነበር። ትኬት አስቆርጠው የማያውቁ ሰዎች። ከአያሃ ሰፈር የቀን ሠራተኞቹ መጥተዋል፣ ሾፌሮቹ መኪና አቁመው መጥተዋል። ጨለማ ነው፣ ግን ነጭ በጨለማ ይታያል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ጀመርኩ። እሳቱ ደብዝዟል። ዞርኩ። ምን ሆናችሁብኝ። ሶማሌዎቹ የእኛን ሰዎች ያያሉ፤ የእኛ ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። ማንም አልተናገረም። ሁለተኛ ዞርኩ፣ ማንም። ኢፍቱ ጣራው ላይ መሆን ነበረባት፣ ድምጿ የለም፤ ወርዳ በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ሦስተኛው ላይ የጋሽ ሙሉሰው ድምፅ ቆመ። እስከዛሬ ቆሞ አያውቅም። ግድግዳውን ነካሁት፣ ምንም የለም፣ ጭቃና ብርድ ብቻ።

ግጥሙ ጠፋኝ። ወይም አልጠፋኝም፣ እንጃ። ዘፈኑን ትቼ እንደማወራው አወራሁ።

"ጋሼ" አልኩ። "በቃ ይንገሩኝ።"

ከግድግዳው ጀርባ ዞሮ ወጣ። ኮፍያውን አውልቋል። እንደ አባት ራሴን ያዘኝና "ልጄ፣ እናትሽ አርፈዋል" አለኝ።

ከዚያ ያለውን እየቆራረጠ ነው የማስታውሰው። ጮህኩ። ሴቶቹ ተነሱ፣ ያዙኝ፣ ሁሉም አለቀሰ፣ በቤቱ በየማዕዘኑ። ሶማሌዎቹ መጀመሪያ ትርኢቱ መሰላቸው። አማርኛው አይገባቸውም፣ ሟቿም በአማርኛ ነው የምትናገረው። አንዷ ልጅ እናቷን "ዛሬ ማን ነገራት?" ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። እንደ ሕጉ ተነስተው በዝግታ መውጣት ጀመሩ። ከዚያ ኤዶ ዴቃ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ቁርኣን መቅራት ስትጀምር ገባቸው። ያ ሳማታር የሚባለው መምህር ጫማውን ካደረገ በኋላ አውልቆ ተመለሰና ተቀመጠ። ሌሎቹም ተመለሱ። የማላውቃቸው ሰዎች ለእናቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ።

ያረፈችው ታህሳስ 10 ነው። ረቡዕ ለሐሙስ ሌሊት፣ ትራስ ላይ እንዳለች። ቀብሯ በማግስቱ ነበር። እኔ በማግስቱ ስልኳ አይሠራም ብዬ ጽፌያለሁ።

ጋሽ ሙሉሰው ላይ ጮህኩበት። ቀብሯን ነጠቃችሁኝ፣ አፈር እንኳ ሳላለብሳት አልኩት። አልተከራከረኝም።

"እህትሽ ናት የለመነችን። ብቻዋን በስልክ እንዳትሰማው፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራት አለች። መርዶ አገራችን በጠዋት ነው፣ ዘመድ ጎረቤት ተጠርቶ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ማን አለ? አንዱ በርበራ፣ አንዱ ግንባታ ላይ። አንድ ላይ የምንገኘው የሂቦ ቤት ብቻ ሆነ። ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ተነሳሁ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። እዚያ ቆሜ ድምፅ ስይዝልሽ ግን... በየማታው ከግድግዳው ጀርባ የማለቅሰው እኔ ነበርኩ።"

ኋላ ኢፍቱ ፀጉሬን እያሻሸች "ረዱ፣ ታውቂ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"አላወቅኩም" አልኳት።

እፎይ አለች። ይህን ያህል ቀን ተሸክማኝ ዞራ፣ ከንቱ ነበር ብላት ምን ይጠቅማታል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አውቅ ነበር። ኤዶ ዴቃ እጄን ከያዘችኝ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር፣ ምናልባት ከሽንኩርቱ ቀን ጀምሮ። ካልተነገረኝ አልሞተችም ብዬ ነው። በሽንኩርቱ ቀን ተነስቼ ብሄድ ቢያንስ ለሰባቱ እደርስ ነበር። አልሄድኩም። እነሱ ደበቁኝ፣ እኔም ተደበቅኩ።

እናቴ ሞታለች።

ጥር 4፣ እሑድ

በጋሽ ሙሉሰው መኪና እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ለአርባዋ እደርሳለሁ። ኢፍቱ አብራኝ ልትሄድ ነው፤ ሳሎኑን ዘግታለች፣ እምቢ ብላት አልሰማ አለች። ሂቦ በጠዋት መጥታ ተሰናበተችኝ። ሁለታችንም ስለ ትርኢቱ አላነሳንም።

መኪናው እስኪሞቅ ደጅ ቆሜ ሳለሁ የኦፊሱ ስልክ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ለዱዓሌ መመለሱን ረስቼው ነው። በልማድ አነሳሁት።

"ሄሎ፣ ዲስፓች?"

"አቤት።"

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ድምፄ የለም፤ የሚወጣው እንደ አሮጌ ሴት የሻከረ ነገር ነው። ሾፌሩ አላወቀኝም።

"አዲሷ ነሽ እንዴ? ረድኢት የለችም?"

ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚሰድበኝ ነው።

"የለችም" አልኩት።

"ታዲያ ተነገራት?"

"አዎ። ተነገራት።"

"ኡፍ፣ ተመስገን። እኛ እኮ ስትደውልልን ድምፃችን እንዳያስነቃት መከራችንን ነው ያየነው። እንዴት ሆነች?"

ኢፍቱ በጋቢናው መስኮት አንገቷን አውጥታ ታየኛለች።

"አለቀሰች" አልኩት። "አሁን ወደ አገሯ እየሄደች ነው።"

"አይ እናት" አለ። "በይ፣ ካገኘሻት እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሏል በያት።"

"እሺ" አልኩት። "እነግራታለሁ።"